ትንሽ ይቀዘቅዛል

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሌዋርደን ከተማ፣
ከመንገዱ በታች፣ ውሃ ሲያቃስት ስሰማ፣
ካሜራ በገመድ፣ ቱቦ ውስጥ ስሰድድ፣
ስንቱን ጉድ አየሁት፣ በሰው ቤት ሥር ሲሄድ።
ቀለበት አገኘሁ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ፀጉር፣
የዛፍ ሥር አገኘሁ፣ ሸክላ የሚሰረስር።
ጓዳዬን እዩልኝ፣ የሚል ቤት አላየሁም፤
እኔም ራሴ ቤት ነኝ፣ ከነሱ አልተለየሁም።

ሃምሳ አምስት ሲሞላኝ፣ ፖስታ በበር ገባ፤
መልካም ልደት አይልም፣ የለውም አበባ፤
ጠባብ ብልቃጥ ብቻ፣ ከመመሪያዋ ጋር፦
«እባክህ ላክልን፣ ትንሽ ከዓይነ ምድር።»
ላክሁት። በሁለት ሳምንት፣ መልስ መጣ በደብዳቤ፤
«የደም ምልክት አለ።» ቀዘቀዘ ልቤ።
ቲነከን አልነገርኳት፣ ሦስት ቀን በሆዴ፤
በዚያው በታመመው፣ መደበቄ ጉዴ!

ወንድሜ ሹርድም እንዲህ ነበር።
ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ከባትሪና ከክር ጋር።
«ኋላዬን ለማንም አላሳይም» አለና ሳቀ።
እኛም ሳቅን።
በጋው ሳያልቅ ሱሪው ሰፋው፤
ክረምቱ ሳያልቅ አልጋው ሰፋው።
መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።
ፖስታው እንደታሸገ ነበር።

ኮሎኖስኮፒ አሉት። እኔ ሥራዬን አወቅኩት፦ ካሜራ በገመድ።

ዋዜማው ሁለት ሊትር መድኃኒት ነው።
ሎሚ ነኝ ይላል፤ ሎሚ ግን ዘመዴ ነው አይለውም።
ቲነከ ሰዓት ይዛ እንደ ዳኛ ቆማለች፦
«አንድ ብርጭቆ ቀርቶሃል፣ ቪበ፤ አፍንጫህን ያዝና ዋጠው።»
ሰዓት ሙሉ ምንም የለም።
እኔ ላይ አይሠራም ብዬ ጋዜጣ ገለጥኩ።
አርዕስቱን አልጨረስኩም።

ያን ሌሊት ዙፋኔ፣ ነጭ ሸክላ ሆነ፤
ሆዴ ያመቀውን፣ ባንዴ አባከነ።
ባለሙያ ነኝና፣ ድምፁን አዳመጥኩት፤
ይህ ቱቦ ደህና ነው፣ ፍሰቱን ወደድኩት።
ንጋት ላይ የወጣው፣ ቢጫ ውሃ ብቻ፤
ጠብታ አልተረፈም፣ አከተመ ዘመቻ።

ሆስፒታሉ ከቦዩ ማዶ ነው። ቲነከ ነዳች፤
እኔ ፎጣ ላይ ተቀመጥኩ፣ ምናልባት።
ከኋላው የተከፈተ ቀሚስ ሰጡኝ።
ነርሷ ሂስከ «በግራ ጎንህ ተኛ፣ ጉልበትህን እቀፍ፤
ትንሽ ይቀዘቅዛል» አለች፤
እጇን ከትከሻዬ አላነሳችም።
የሚያስተኛውን መርፌ ቀንሱልኝ አልኩ፤ ማየት እንጀራዬ ነው።

አየሁ።
የጠበቅኩት ጨለማ ነበር፣ ዝገት ነበር።
ሮዝ ነው። እርጥብ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ድድ፣
ቀለበት ከቀለበት እየተቀባበለ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።
«አንጀት የለህም» ይለኝ ነበር ሹርድ ስንጣላ።
ይኸው ወንድሜ፣ አለኝ፤ አንድ ሜትር ተኩል።
በሆዴ የያዝኩትን ፈለግኩ፦
የአባታችንን ጀልባ ማን እንደወሰደ፣
በቀብሩ ቀን ያልተናገርኩትን።
አንዱም የለም። ግድግዳው ጥላ እንኳ አልያዘም።

«እዚህ ጋ» አለ ሐኪሙ።
መታጠፊያው ላይ፣ በቀጭን አንገት የቆመች፣ ምስር የምታህል።
የዛፍ ሥርም ሲጀምር እንዲህ ነው፤
ፀጉር ያህላል፣ ሸክላውን ገና አልሰነጠቀም።
የሽቦ ማነቆ ወረደ፣ ጠበቀ፣ ቆረጠ።
አላመመኝም። ዓይኔ ግን ሞላ።
«አየሩ ነው» አለች ሂስከ፣ «ሆድ ይነፋል።»
አዎ፣ አልኩ። አየሩ ነው።

በመጋረጃው ማዶ፣ አንድ ሽማግሌ ፈሳ፤
ከወዲህ መለስኩለት፣ ነገር አልተነሳ።
ቲነከ ዳቦ በቅቤ፣ በወረቀት ጠቅልላ
አመጣች። እሱን ስጎርስ አንጀቴ ራሰ።

ውጤቱ በአሥር ቀን ነው ተብሏል።
ሰኞ ግን ሥራ አለ።
አንዲት መበለት ቤት፣ ጓሮ፣ ክዳኑን አነሳሁ፣
መብራቱን አበራሁ፣ ገመዱን ፈታሁ፣
ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክኬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
«ትንሽ ይቀዘቅዛል» አልኩት።